ስለ ጭስና ስለ ሰው ጤና

እሳት በመካከሉ በሚነድበት የሣር ቤት ውስጥ ቀና ብሎ ጣራውን የተመለከተ ሰው፥ ማገሩና ወጋግራው እንደ ቀለም ጠቁሮ፥ ጥቀርሻውም እንደ ክር ተንጠልጥሎ ያያል። ቤቱ አዲስ በተሠራ ጊዜ ሣሩ ወርቅ ይመስል ነበር፤ እንጨቱም ነጭ ነበር። ቀለም የቀባው ሰው የለም፤ ያጠቆረው በየቀኑ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ነው። ጭሱ ጣራውን እንዲህ ካጠቆረ፥ በዚያው ጣራ ሥር ተቀምጦ የሚተነፍሰውን ሰው ሳንባ ምን ያደርገው ይሆን ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው። ጣራው ጭሱን የሚቀበለው ከውጭ ብቻ ነው፤ ሰው ግን በየደቂቃው ወደ ውስጡ ይስበዋል።

ያደገ ሰው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ በአንድ ደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሲሮጥ ወይም ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበዛል። በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት የሚስበው አየር ቢሰፈር ከ10 ሺህ ሊትር አያንስም፤ ይህም ውኃ የሚቀዳበትን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 500 ጊዜ እንደ መሙላት ነው። ሰው የሚበላውን እህል ያበጥራል፥ ያንጓልላል፥ ጠጠሩን ይለቅማል፤ ውኃውም የደፈረሰ እንደ ሆነ አጥልሎ ወይም አፍልቶ ይጠጣል። በቀን 500 ጀሪካን የሚሆነውን አየር ግን የሚያበጥረው የለም፤ እንዳገኘው ይስበዋል።

ንጹሕ አየር ከመቶው እጅ 78ቱ ናይትሮጅን፥ 21ዱ ኦክሲጅን የሚባል ሲሆን፥ የቀረው አንድ እጅ ልዩ ልዩ ሌላ አየር ነው። የሰው ደም የሚፈልገው ኦክሲጅኑን ነው፤ እሳትም እንደዚሁ ያለ ኦክሲጅን አይነድም። የደረቀ እንጨት በቂ አየር አግኝቶ ፈጽሞ ቢነድ ነበልባሉ ብሩህ ይሆናል፥ ጭሱም ጥቂት ነው። በሦስት ጉልቻ መካከል የሚነደው እሳት ግን እንጨቱ ወይም ኩበቱ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ አየሩም በሚገባ አይደርሰውም። ስለዚህ ከማገዶው ከፊሉ ብቻ ይነድና የቀረው ሳይነድ ወደ ላይ ይወጣል። ጭስ ማለት ሳይነድ የቀረ ማገዶ ነው። እንጨት ለመልቀም ግማሽ ቀን የደከመች ሴት፥ ከተሸከመችው ሸክም ከፊሉ ወጡን ሳያበስል በጣራዋ በኩል ይሄድባታል፤ ያውም ዓይኗንና ሳንባዋን ጎድቶ ነው።

በጭስ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ረቂቅ ትቢያ ነው። ከዚህም ትቢያ እጅግ ረቂቅ የሆነው መጠኑ ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ከሰው ጠጕር ውፍረት ጋራ ቢመዛዘን 30 ጊዜ ያህል ያንሳል። ትልልቁን ትቢያ የአፍንጫ ጠጕርና ንፍጥ ይይዘዋል፤ ሳልም መልሶ ያወጣዋል። ይህ ረቂቁ ግን የሚይዘው አጥር የለም። በሳንባ መጨረሻ ወዳሉት፥ አየርና ደም ወደሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ይወርዳል፤ ከእነርሱም አልፎ ከፊሉ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ የጭስ ጉዳት ሳል ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ የልብን ደዌ፥ ደም ወደ አንጎል እንዳይደርስ የሚያደርገውን ድንገተኛ ሕመምና የሳንባን ነቀርሳ ያመጣል። ለብዙ ዘመን የጨሰበት ሳንባ ደግሞ እየጠበበ ሄዶ፥ ሰውዬው ትንሽ ዳገት እንኳ መውጣት ያቅተዋል።

ሁለተኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ነው። ይህ ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፥ ዓይንንም አያስለቅስም፤ ስለዚህ አደገኛነቱ የበረታ ነው። በደም ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኀይል ይይዘዋል፤ አንድ ጊዜ ከያዘው በኋላ ኦክሲጅን የሚቀመጥበት ስፍራ ያጣል። በብርድ ሌሊት ከሰል ያቀጣጠሉበትን ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አግብተው፥ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሰሉ አይጨስምና አይጎዳም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከሰል ጭሱ ቀርቶ መርዙ ያልቀረለት ማገዶ ነው። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት በአንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች በአንድነት የያዛቸው እንደ ሆነ፥ ፈጥኖ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ ንጹሕ አየር እንዲያገኙ ማድረግና ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ጭሱ በቤቱ ያለውን ሁሉ ይነካል፤ ዕዳው ግን እኩል አይከፈልም። አባወራው በእርሻ ወይም በገበያ ይውላል። እናት ግን እንጀራ በምትጋግርበት ቀን ከምጣዱ አጠገብ ሳትነሣ ብዙ ሰዓት ትቆያለች፤ እሳቱ ሲደክም ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፥ አክንባሎውን ስታነሣም እንፋሎቱና ጭሱ ፊቷን ይመታታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ አለ። ልጃገረዲቱም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደዚያው ቤት ትገባለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ አየር በማይገባበት ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ረቂቅ ትቢያ ለጤና ተገቢ ከሆነው መጠን 100 ጊዜ ሊበልጥ ይችላል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓመት ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ፥ ከእነርሱም ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው 5 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት እንደ ነበሩ ይኸው ድርጅት አስታውቋል።

የሕፃን ሳንባ ትንሽና ገና በማደግ ላይ ያለ ነው፤ አተነፋፈሱም ከትልቅ ሰው ይልቅ ፈጣን ነው። ስለዚህ በጭስ ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዙ ነገር በእጥፍ ያህል ይጨምራል። በዚህ ስፍራ እያንዳንዱ ተማሪ ለታናናሽ ወንድሞቹና እኅቶቹ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሳል የያዘው ሕፃን ሳያለቅስና ሳይጠባ ጸጥ ብሎ ሳለ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ በሰዓት ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፥ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ፥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተነፈሰ እንደ ሆነ፥ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፥ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ነገ ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። በጊዜው መድኃኒት ያገኘ ሕፃን ይድናል።

ጭስ የገጠር ሰው ዕዳ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለንደን በሚባለው ታላቅ ከተማ እያንዳንዱ ቤት በምድጃው የድንጋይ ከሰል ያነድ ነበር። ጭሱ የከበደባቸው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይጮኹ ነበር፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንጉሡ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ከሰል እንዳይነድ አዋጅ አውጥቶ ነበር፥ በ1661 ዓመትም ጆን ኤቭሊን የሚባል ጸሐፊ ስለ ከተማው ጭስ ለንጉሡ መጽሐፍ ጽፎ አቅርቦ ነበር። የሰማቸው ግን አልነበረም። በ1945 ዓመተ ምሕረት ከኅዳር 26 እስከ ኅዳር 30 ቀን፥ ማለት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ ብርቱ ብርድ ሆነና ነፋስ ቆመ። በላይ ያለው ሞቃት አየር በታች ያለውን ቀዝቃዛ አየር፥ አክንባሎ ምጣድን እንደሚከድን ከደነው፤ የምድጃውና የፋብሪካው ጭስም መውጫ አጥቶ በከተማው ላይ ተኛ። ሰው በቀን የገዛ እግሩን ማየት እስኪያቅተው ድረስ ጨለመ። በመጀመሪያ የሞተው ሰው 4 ሺህ ያህል ነው ተብሎ ተቆጠረ፤ ኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ግን እስከ 12 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። ከዚህ በኋላ በ1956 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ። ስድስት መቶ ዓመት ያህል ሲነገር የቆየውን ነገር ለመስማት ይህን ያህል ሬሳ ማስፈለጉ የሚያሳዝን ነው።

በኢትዮጵያም ከጭስ ጋራ የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ። በ1911 ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፥ በዓለም ሁሉ የተዘዋወረው ብርቱ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መትቶ፥ በከተማው ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤትና ደጅን ጠርጎ፥ ጥራጊውን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ ይህም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ፤ የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ተወስዶ የታወቀው ግን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓመት ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ሁሉ ምክንያቱን ካላወቁት፥ ክፉውን አየር በጭስ እናባርር ብለው ያጠኑት አባቶች የሚነቀፉበት ነገር የለም። መጥረጉማ ዛሬም መልካም ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ጥራጊው ገለባ፥ ቅጠልና አመድ ነበር፤ ዛሬ ፌስታል፥ የውኃ ፕላስቲክና ያረጀ ጎማ ነው። ይህ ሲቃጠል ዲዮክሲን የሚባለው መርዝ ይወጣል፤ መርዙም በሣሩ ላይ ያርፋል፥ ሣሩን የጋጠችው ላምም በወተቷ ትመልሰዋለች። ስለዚህ ፕላስቲክና ጎማ ከሚቃጠለው ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ጭስ ትንኝን ያባርራል፥ ጣራንም ከምስጥ ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ጥቂት እውነት አለበት፤ ሆኖም ለወባ ትንኝ አጎበር ከጭስ ይልቅ የታመነ ነው። የወተት ዕቃን ወይም የጠላ ጋንን በወይራ ማጠን ደግሞ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅና በውጭ ሊሠራ የሚችል ስለ ሆነ፥ ቀኑን ሙሉ ከሚጨስ ምድጃ ጋራ አይቆጠርም።

መድኃኒቱን ስለ መፈለግ ብዙ ተደክሟል። ጓቴማላ በምትባል በመካከለኛው አሜሪካ ባለች ደጋ አገር፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2004 ዓመት፥ 534 ቤቶች ተመርጠው ለእኩሌታዎቹ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሠራላቸው፤ የቀሩትም በቀድሞው እሳት ቆዩ። የጭስ ማውጫ ባለበት ቤት የሕፃናቱ ብርቱ የሳንባ ምች በሲሶ ያህል አነሰ። በአፍሪካ ደግሞ በማላዊ አገር፥ ከ10 ሺህ በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ በ2017 ዓመት ውጤቱ ታተመ፤ በዚያ የተሰጠው ማራገቢያ ያለው ምድጃ ማገዶ የሚቆጥብ ቢሆንም የሳንባ ምችን አልቀነሰም። ጭሱን ማሳነስ ብቻ እንደማይበቃ፥ ከቤቱ ማውጣትም እንደሚያስፈልግ ከሁለቱ ምርመራዎች መገመት ይቻላል።

በኢትዮጵያ በ1980ዎቹ ዓመታት ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ምርጥ ምድጃ የሚባለው፥ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ እሳቱን ስለሚሰበስብ፥ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶውን ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ይቆጥባል። ማገዶ ሲያንስ ጭስም ያንሳል፤ ነገር ግን የጭስ ማውጫ ካልተጨመረበት ወጥ ቤቱ ከጭስ አይነጻም። መብራት በገባበት ስፍራ የኤሌክትሪክ ምጣድ፥ ከብት ባለበትም ከእበት የሚገኘው ባዮጋዝ ከሁሉ ይሻላሉ፤ ዋጋቸው ግን ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው ሥራ ደግሞ አለ። እንጨቱን በበጋ ፈልጦ ዝናብ በማያገኘው ስፍራ ማድረቅ፥ ወጥ ቤቱን ከመኝታው መለየት፥ በግድግዳው ላይ ፊት ለፊት ሁለት መስኮት፥ ከጣራውም ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፥ ሕፃኑንም እሳት በሚነድበት ጊዜ ለአያቱ ወይም ለታላቁ መስጠት ነው። ወጥ ቤቱን መለየት ልጆቹን ይጠቅማል፤ በውስጡ የምትሠራው ሴት ግን በዚያው ጭስ ውስጥ መሆኗን መርሳት አይገባም። መስኮቱ ለእርሷ ነው።

ተማሪዎች ይህን ነገር በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ። ሁለት የመዳፍ ስፋት ያላቸው ነጭ ጨርቆች ይዘጋጁ። አንደኛው በወጥ ቤት ውስጥ፥ ከምድጃው ሁለት ክንድ ርቆ፥ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት አፍንጫ በሚደርስበት ከፍታ ይሰቀል፤ ሁለተኛው ከመንገድና ከጭስ በራቀ ዛፍ ላይ ይሰቀል። ሰባት ቀን ከቆዩ በኋላ ሁለቱ በክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይለጠፉና ቀኑ ይጻፍባቸው። ከዚያ በኋላ በዚያው ወጥ ቤት መስኮት ተከፍቶ፥ የደረቀ እንጨት ብቻ እየነደደ፥ ሦስተኛ ጨርቅ በፊተኛው ስፍራ ሰባት ቀን ይሰቀልና ከሁለቱ መካከል ይለጠፍ።