«ቀለም የለኝም» ለሚል ተማሪ፦ ከአፈር ቀለም የማውጣት የሥዕል ትምህርት



ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ የሰባተኛ ክፍል የሥዕል ክፍለ ጊዜ ደረሰኝ። በመጀመሪያው ቀን «የምትኖሩበትን ቤት ሥላችሁ ቀለም ቀቡ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ስመረምረው በቀለም እርሳስ አምሮ ለተቀባው ስምንትና ዘጠኝ፣ በእስክሪብቶ ብቻ ለተሠራው አራትና አምስት ሰጠሁ። ደብተሩን ስመልስ አንዲት ተማሪ ከአሥር አራት ማግኘቷን አይታ ወደ እኔ መጣችና «ቲቸር፣ ሥዕሉ ተበላሽቶ ነው ወይስ ቀለም ስለሌለኝ ነው?» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አጣሁ። ሥዕሉን ደግሜ ሳየው የምሰሶው መጉበጥ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወንፊት ሳይቀር በቦታው ነበር። ለካ እኔ ያረምኩት የወላጆቿን ኪስ ኖሯል።

ይህን የምጽፈው ስሕተቱ በእኔ ብቻ የሚያበቃ ስላልመሰለኝ ነው። ሁላችንም ነገ ቀለም በሌለበት ክፍል መቆማችን አይቀርም። «ቀለም ይዛችሁ ኑ» ማለት ግማሹን ክፍል ከትምህርቱ ማስወጣት ነው። «ቀለም የለምና እርሳስ ብቻ» ማለትም ቀለምን ሳያስተምሩ ማለፍ ነው። ሦስተኛው መንገድ ቀለሙን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያወጡት ማድረግ ነው።

አፈር ስለ ምን ቀለም ይሆናል?

የቀይ አፈር ቅላት የሚመጣው በውስጡ ካለው የብረት ኦክሳይድ ነው። በቢጫው አፈር ውስጥም ብረት አለ፤ ነገር ግን ከውሃ ጋር የተዋሐደ ነው። ስለዚህ ቢጫ አፈር በሸክላ ገል ላይ ተደርጎ እሳት ላይ ቢቆላ ውሃው ይለቅና ወደ ቀይ ይለወጣል። ተማሪው ይህን በዓይኑ ሲያይ በአንድ ጊዜ ሥዕልም ኬሚስትሪም ተማረ ማለት ነው።

በአፈር መቀባት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሐረር ከተማ በጥንታዊዎቹ ቤቶች ውስጥ መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል። ይህም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው እየተባለ ይነገራል። ተማሪዎችም «በእኛ ቤት ግድግዳው በምን ይለቀለቃል?» ብለው እናቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ ቢታዘዙ ትምህርቱ ከቤት ይጀምራል።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል (ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል፣ አራት ክፍለ ጊዜ)

አንደኛ ክፍለ ጊዜ፦ ስድሳ ተማሪ ቢኖር በስድስት በስድስት ተከፍሎ አሥር ቡድን ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን ከሰፈሩ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አፈር ያመጣል፤ ከየት እንዳመጣውም ይመዘግባል። አፈሩ በድንጋይ ይደቆሳል፤ ሥርና ጠጠሩ ይለቀማል።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ፦ የተደቆሰው አፈር በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በብዙ ውሃ ይበጠበጣል። አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል። ላይ የቀረው ድፍርስ ውሃ ወደ ሌላ ዕቃ ቀስ ተብሎ ይገለበጥና ያድራል። በማግሥቱ የጠራው ውሃ ይደፋል፤ ከሥር የቀረው ልሙጥ ዝቃጭ በፀሐይ ይደርቃል። ቀለሙ ይህ ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ቡድን ሥዕሉ ሲነካ እንደ አሸዋ ይሻክርበታል።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ቀለሙ ከወረቀት ጋር እንዲጣበቅ ማያያዣ ያስፈልገዋል። የግራር ሙጫ ተደቁሶ አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ውሃ ካደረ በኋላ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ሙጫ በማይገኝበት የእንቁላል አስኳል ያገለግላል። ቀለሙና ማያያዣው በቆርኪ ላይ ይለወሳሉ። ለብሩሽ የመፋቂያ ጫፍ አኝኮ መበተን ይበቃል።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ሙጫ አሳንሼ ቀለሙ ደርቆ ከወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ክፍሉም በሳቅ ሞላ። ስለዚህ ይህን መለኪያ ያዙ፦ የደረቀው ቀለም በጣት ሲታሽ ከለቀቀ ሙጫ አንሶታል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ በዝቶበታል ወይም በጣም ወፍሮ ተቀብቷል።

ጥቁር ለማግኘት በመረሬ አፈር አትድከሙ። መረሬ ሲደርቅ መሬቱን እንደሚሰነጣጥቀው ሥዕሉንም ይሰነጣጥቀዋል። የተፈጨ ከሰል ይሻላል። ለነጭ የጠመኔ ብናኝ ይሆናል።

አራተኛ ክፍለ ጊዜ፦ ሥዕሉ ይሠራል። ርእሱ ተማሪው በየቀኑ የሚያየው ነገር ይሁን፤ ቤቱ፣ ምንጩ፣ የገበያው መንገድ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ሥሎ «ይህን ገልብጡ» አይበል። እሱ ከሣለ ስድሳው ተማሪ የሚያመጣለት የራሱን ሥዕል ነው።

ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ

ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያው ሥራ በምርምር መልክ ይሰጣል። አንድ ቢጫ አፈር በአምስት ይከፈላል፤ አንዱ ጥሬውን ይቀመጣል፣ የቀሩት ለተለያየ ጊዜ ይቆላሉ። አምስቱም በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ተቀብተው ከሥራቸው የተቆሉበት ደቂቃ ይጻፋል። ከዚያም በእነዚህ ቀለሞች ብቻ አንድ ሥዕል ይሠራል።

እግረ መንገዳችንን የእርድን ጠባይ ማሳየት ይቻላል። እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ፀሐይ ላይ ግን ይደበዝዛል፣ የሳሙና ውሃ ሲነካውም ይቀላል። የአፈር ቀለም ይህ ሁሉ አያገኘውም። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ቀብቶ ግማሹን ሸፍኖ መስኮት ላይ ቢያስቀምጠው ልዩነቱን ከሳምንታት በኋላ ራሱ ይናገራል።

ጥንቃቄና እርማት

አፈሩን እሳት ላይ የሚቆላው መምህሩ ነው፤ ያውም ከክፍል ውጭ። ሲደቆስ አቧራ እንዳይነሣ ውሃ ትንሽ ጠብ ይደረግበት። አፈር ከመጸዳጃና ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ አይወሰድ። ለብሩሽ የሚታኘከው እንጨት ለመፋቂያ የሚታወቀው ብቻ ይሁን፤ ቀለም የነካውም ተመልሶ አፍ ውስጥ አይግባ።

ነጥቡን እኔ እንዲህ ከፈልኩት፦ ከአሥሩ አራቱ ተማሪው ያየውን አስተውሎ በመሣሉ፣ ሦስቱ ቀለሙን በአግባቡ በማውጣቱ፣ ሁለቱ መዝገብ በመያዙ፣ አንዱ ቦታውን በማጽዳቱ። ለውድ ዕቃ የሚሰጥ ነጥብ የለም።

ያቺ ተማሪ ቤቷን እንደገና ሣለችው። ግድግዳውን የቀባችው ከራሱ ከቤቱ ጓሮ ባመጣችው አፈር ነበር። «አሁን ቁርጥ እሱን መሰለ» አለች። የቀድሞውን አራት ሰርዤ የመጀመሪያውን ሥዕል እንደገና አረምኩላት፤ ስሕተቱ የእኔ እንደ ነበረም በክፍሉ ፊት ተናገርኩ። መናገሩ ከብዶኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን «ቀለም የለኝም» ብሎ ከኋላ የሚቀመጥ ተማሪ አላየሁም።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ለማስተማር ከልብ ለተነሣ መምህር ቀለም አይጠፋውም። በሚቀጥለው የልምምድ ጊዜ የምትወጡ ጓደኞቼ ይህን ሞክሩት፤ የደረሳችሁበትን ሰፈር አፈር በወረቀት ላይ ቀብታችሁ አምጡና በዚሁ ግድግዳ ላይ አጠገብ ላጠገብ እንለጥፈው።