የደጋን አውታር፦ ለምን ያልቃል? እንዴትስ ይለወጣል?

በመተማና በቋራ ቆላ ሁለት ዓይነት ደጋን ይታወቃል። አንደኛው የአዳኝ ነው። በአካባቢው በሚኖረው የጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ ደጋንና ፍላጻ ከጥንት ጀምሮ የወንዶች የአደን መሣሪያ ነው። ሁለተኛው የፈታይ ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣለት በኋላ በትንሽ ደጋን ይነደፋል። የተወጠረው አውታር እየተሳበ ሲለቀቅ ይርገበገባል፤ ርግብግቢቱም የተጨማደደውን ጥጥ አፍታትቶ ባዘቶ ያደርገዋል። ሁለቱ ሥራዎች ምን ያህል እንደሚዛመዱ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። በግእዝ «ነደፈ» ማለት ወጋ፣ በፍላጻ መታ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ደግሞ ንብም ትነድፋለች፣ ጥጥም ይነደፋል።

የአዳኙም ሆነ የፈታይዋ ደጋን ቀድሞ የሚያልቅበት ክፍል አንድ ነው፤ እርሱም አውታሩ ነው። እንጨቱ ዓመታት ሲያገለግል አውታሩ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ለማስረዳት ይሞክራል። በዕለት ንግግር «ቀስት» የሚለው ቃል አንዳንዴ ለመወርወሪያው፣ አንዳንዴም ለሚወረወረው ስለሚነገር፣ እዚህ ላይ መወርወሪያውን ደጋን፣ የሚወረወረውን ፍላጻ፣ ማሰሪያውን አውታር እንላለን።

ኢነርጂው የት ይሄዳል?

አንድ አዳኝ ደጋኑን ግማሽ ሜትር ሳበ እንበል። ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ 180 ኒውተን ደረሰ፤ ይህም 18 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ያህል ነው። በእንጨቱ ውስጥ የተጠራቀመው ኢነርጂ በግምት የ180 እና የ0.5 ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 45 ጁል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶው ለፍላጻው ደረሰ ብንል፣ 25 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ይፈጥናል። የቀረው 13 ጁል ግን አልጠፋም። በደጋኑ ክንፎችና በአውታሩ ውስጥ ቀርቶ ንዝረት፣ ድምፅና ጥቂት ሙቀት ይሆናል። አውታሩን የሚበላው ይህ ቅሪት ነው።

አውታሩ በይበልጥ የሚጨነቀው መቼ ነው? ብዙ ሰው «ሙሉ በሙሉ ሲሳብ» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ልብስ ማስጫ ገመድን እናስብ። የላላ ገመድ እርጥብ ጋቢ ቢሰጣበት ረገብ ብሎ በቀላሉ ይሸከመዋል፤ ቀጥ ብሎ የተወጠረው ግን በዚያው ጋቢ ክብደት ችንካሩን ሊነቅል ይደርሳል። ገመዱ ወደ ቀጥታ መስመር በቀረበ ቁጥር ከጎን የመጣውን ትንሽ ኃይል ለመቋቋም እጅግ ከፍተኛ ውጥረት ያስፈልገዋልና። ደጋኑ ተስቦ ሁለቱ የአውታር ክፍሎች የ120 ዲግሪ ማዕዘን ሲሠሩ፣ በአውታሩ ላይ ያለው ውጥረት ከሳቢው እጅ ኃይል ጋር እኩል ነው። አውታሩ ተለቆ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን ማዕዘኑ ወደ 180 ዲግሪ ይጠጋል፤ በፍጥነት ወደፊት የሚወረወሩትን ክንፎች በቅጽበት ማቆም ያለበትም አውታሩ ነው። ከፍተኛው ውጥረት የሚደርሰው በዚህች ቅጽበት፣ ፍላጻው ሊለየው ሲል ነው።

ስለዚህ ደጋንን ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅ ጨዋታ አይደለም። ፍላጻው ይወስደው የነበረው 32 ጁል የሚሄድበት ስለሚያጣ በአውታሩና በክንፎቹ ላይ ይወድቃል። ያረጀ አውታር በዚህ ጊዜ ቢበጠስ ጫፉ ተመልሶ ፊትንና ዓይንን ሊመታ ይችላል። የአውታር ጥንቃቄ ከዒላማ መሳት ባለፈ የዓይን ብርሃን ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ታዲያ አውታሩን ማወፈር አይሻልም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ማወፈር ዋጋ ያስከፍላል። ከአውታሩ ክብደት አንድ ሦስተኛው ያህል እንደ ፍላጻው ሆኖ ስለሚንቀሳቀስ፣ ባለ 9 ግራም አውታር በፍላጻው ላይ 3 ግራም እንደ መጨመር ይቆጠራል። ጠቢብ ሠሪ በጥንካሬና በቅለት መካከል ያለውን ልክ ይፈልጋል።

መክረርና መርዘም

ጥጥ ሲፈተል የአንዱ ጭረት ርዝመት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ከአጫጭር ጭረቶች የተሠራ ረጅም ገመድ ስለምን አይለያይም? ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው የሁለት አዳዲስ ሳይንሶች መጽሐፉ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል፤ መልሱም ማክረር ነው። የከረረ ክር በተሳበ ቁጥር ጭረቶቹ እርስ በርስ ይጨማመቃሉ፤ ሰበቃው ይጨምርና መንሸራተት ያቅታቸዋል። እንዝርት የምታሾር እናት ይህን በጣቷ ታውቀዋለች። ነገር ግን ልክ አለው። ማክረሩ ሲበዛ ጭረቶቹ ከክሩ አቅጣጫ እያዘነበሉ ስለሚሄዱ፣ ከጥንካሬያቸው ሸክሙን የሚቀበለው ክፍል ይቀንሳል። «ከመጠን በላይ የከረረ ይበጠሳል» የሚለው አባባል በመካኒክስ ረገድም ትክክል ነው።

ማክረር አውታሩን ያሳጥራል፤ ማላላት ያስረዝማል። አውታሩ ጥቂት የረዘመበት ሰው አዲስ ከመግዛቱ በፊት ጥቂት ዙር ጨምሮ ማክረር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መርዘም እንዳለ ልብ ይሏል። አንዱ ኃይሉ ሲነሣ የሚመለስ መለጠጥ ነው። ሌላው በተከታታይ ሸክም፣ በተለይም በሙቀት፣ ቀስ በቀስ የሚመጣና የማይመለስ ነው። የጅማትና የአንጀት አውታር ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይረዝማልም፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፣ ይሰነጣጠቃል። የበግ አንጀት አውታር የሚጠቀም የበገና ደርዳሪ መሣሪያውን ዘወትር መቃኘቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ሠራሹ አውታር ውኃ እምብዛም አይገደውም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ለዘመናዊ አውታር የሚውለው እጅግ ረጅም ሞለኪውል ያለው ፖሊኤቲሊን የሚቀልጠው በ145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆንም፣ ሞለኪውሎቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት የሚጀምሩት ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ነው። በመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀኖች አሉ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ውስጥ የተወጠረ ደጋን ትቶ መሄድ አውታሩን ሆን ብሎ ማስረዘም ነው።

ባለ መዘውሩ ደጋን

እ.ኤ.አ. በ1966 ሆሌስ አለን የተባለ የሚዙሪ አሜሪካዊ በክንፎቹ ጫፍ ላይ መዘውር ያለው ደጋን ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1969 ተፈቀደለት። የመዘውሮቹ ማዕከል ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለሆነ ሳቢው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ሸክሙ ይቀልለታል። ለምሳሌ በከፍተኛው ቦታ 280 ኒውተን የሚጠይቅ ደጋን 75 በመቶ ቢቀልል፣ አዳኙ ዒላማውን እያየ የሚይዘው 70 ኒውተን ብቻ ነው። ነገር ግን ቀለለ ማለት ኢነርጂው ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ሁሉም በክንፎቹ ውስጥ አለ። ከዚህም በላይ ይህ ደጋን ሳይሳብ በተቀመጠበት እንኳ ክንፎቹ በብርቱ የታጠፉ ናቸው። ስለዚህ አውታሩን በእጅ ፈትቶ ወይም በቢላዋ ቆርጦ ለመለወጥ መሞከር ከባድ አደጋ ያስከትላል። ክንፎቹን አጥብቆ የሚይዝ መጫኛ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል። አውታሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ሁለቱ መዘውሮች እኩል መዞራቸውን ሊተዉ ስለሚችሉ፣ ዋናው አውታርና ረዳት ገመዶቹ በአንድ ጊዜ ቢለወጡ ይመረጣል።

ምርመራና ለውጥ

የማንኛውም ደጋን አውታር በየዕለቱ በጣት ሊዳሰስ ይገባል። ጠጉር መሰል ጭረት ካወጣ ሰም ጠምቶታል። የንብ ሰም ለዚህ ጥሩ ነው፤ ቀባ ቀባ አድርጎ በጣት ፈጥኖ ማሸት ይበቃል፤ የሰበቃው ሙቀት ሰሙን አለስልሶ በጭረቶቹ መካከል ያስገባዋል። በእሳት ማሞቅ ግን አይገባም። ሰሙ ጭረቶቹን ከማያያዙም በላይ የቆላውን አቧራ ያስቀራል፤ በአቧራው ውስጥ ያለችው ጥቃቅን አሸዋ በጭረቶች መካከል ከገባች እንደ ሞረድ ትፈገፍጋቸዋለች። አስቀድሞ ቆሽሾ የነበረን አውታር በሰም ላይ ሰም ከመደረብ ግን አሮጌውን በጨርቅ ጠርጎ ማውጣት ይቀድማል።

ይበልጥ የሚጎዱት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ፍላጻው የሚሰካበት መካከልና በክንፎቹ ጫፍ ላይ ያሉት ቀለበቶች። በመካከሉ ላይ የሚጠመጠመው መጠቅለያ ክር ቢላላ ክሩን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ከዋናው አውታር አንዲት ነጠላ ክር ከተበጠሰች ግን ድርድር የለም፤ አውታሩ ይለወጥ። የቀሩት ክሮች የእርሷን ሸክም ተካፍለው ይበልጥ ይጨነቃሉና።

ተራውን የእንጨት ደጋን መለወጥ ቀላል ነው። አሮጌው አውታር ከመጣሉ በፊት ርዝመቱና በአውታሩና በመያዣው መካከል የነበረው ክፍተት ይለካል። አዲሱ ከርሮና ሰም ተቀብቶ ይታሰራል፤ አንድ ሌሊት ተወጥሮ ያድራል፤ በማግስቱ ክፍተቱ ጠቦ ከተገኘ ጥቂት ዙር ይከርራል። ከመጀመሪያዎቹ ውርወራዎች በኋላም መለካቱ ይደገማል። ሥራ ሲያበቃ አውታሩ ይፈታ፤ እንጨቱም ያርፋል።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ዝግጅት ያለ ፈቃድ ለማደን ምክንያት አይሆንም። በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን የዱር አራዊት መጠለያ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማደንም በአዋጅ የተከለከለ ነው። ዒላማ ላይ መለማመድ ግን አለ።

ደጋን የሌለው አንባቢም ነገሩን በቤቱ ሊፈትን ይችላል። አንድ ሜትር የከረረ የጥጥ ሲባጎ፣ አንድ ሜትር የናይሎን ሲባጎና፣ ከተገኘ፣ አንድ ሜትር የአንጀት አውታር በምስማር ላይ አንጠልጥሎ በእያንዳንዱ ጫፍ ውኃ የተሞላ ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ማሰር ነው። ርዝመታቸው ወዲያው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ ጠዋት ይመዝገብ። ከዚያ ሦስቱም በውኃ ይረጠቡ። አንጀቱ ይረዝማል፤ ናይሎኑም ጥቂት ይለጠጣል። ጭረቶቹ ውኃ ጠጥተው ሲያብጡ የጥጡ ሲባጎ ግን ጠርሙሱን ወደ ላይ እየጎተተ ያጥራል።