የመጀመሪያ ካሜራ፦ በጥቂት ገንዘብ ስለ መምረጥ የቀረበ ምልልስ

የመጀመሪያ ካሜራውን የሚገዛ ሰው ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለካሜራው አካል ከፍሎ ለሌንስ ምንም ሳያስተርፍ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምልልስ ይህን ስሕተት መነሻ አድርጎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ተነጋጋሪዎቹም በፊልም ዘመን በፎቶ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንትና ሙያውን ሊጀምር ያሰበ አንድ ወጣት ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ስልክ ሁሉ ካሜራ ይዞ ሳለ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ሌላ ካሜራ መግዛት ለምን ያስፈልገዋል?

አዛውንቱ፦ ፎቶው በቀን ብርሃን የሚነሳና ለማስታወሻ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ አያስፈልገውም፤ ስልኩ ይበቃዋል። ልዩነቱ የሚታየው ብርሃን ሲያንስ ነው። ሴንሰር የሚባለው፣ በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ካነን 600ዲ በሚባለው ካሜራ ላይ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ግን ከትንሽ ጣት ጥፍር ስለማይበልጥ፣ ማታ ቤት ውስጥ የተነሳ ሰው ፊቱ በቀለም የተለቀለቀ መስሎ ይወጣል።

ወጣቱ፦ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ግን የሜጋፒክሰሉ ብዛት ነው።

አዛውንቱ፦ ለሻጭ የሚመች ቁጥር ስለሆነ ነው። ሜጋፒክሰል ማለት ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች በሚሊዮን ሲቆጠሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው 600ዲ 18 ሜጋፒክሰል ያለው ሲሆን፣ ፎቶው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 44 በ29 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚወጣ፣ ከዚያ የሚበልጥ ፎቶ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ጀማሪ ካለ ይታይ። ይህ ካሜራ በአሜሪካ ሬብል ቲ3አይ፣ በጃፓን ደግሞ ኪስ ኤክስ5 ተብሎ ስለተሸጠ፣ ዘመድ ከውጭ የሚልክለት ሰው ሦስቱም ስሞች የአንድ ካሜራ መሆናቸውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የኒኮን ዲ3200ም የዚያው ዘመን አቻው ነው። እነዚህ በውስጣቸው መስተዋት ያለባቸው፣ ዲኤስኤልአር የሚባሉት ካሜራዎች ዛሬ በርካሽ የሚገኙት ስለተበላሹ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱም ድርጅቶች መስተዋት የሌላቸውን ሚረርለስ ካሜራዎች በትልቅ ሴንሰር ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ ባለሙያው ወደዚያ እየዞረ የቀድሞውን ስለሚሸጥ ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ያገለገለ ካሜራ ተገዝቶ የተረፈው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል?

አዛውንቱ፦ ሌንስ ላይ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 18-55 የሚባለው ሌንስ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር የትኩረት ርቀቱን፣ ማለትም ሌንሱ ምን ያህል አስፍቶ ወይም አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ በሚሊ ሜትር ይገልጻል፤ ከጎኑ የሚጻፈው 3.5-5.6 ደግሞ የቀዳዳውን ስፋት የሚመለከት ነው። አፐርቸር የሚባለው ይህ ቀዳዳ እንደ ዐይን ብሌን ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ቁጥሩም የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግረው ይኸው ነው። ተራው ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ 50 ሚሊ ሜትር 1.8 የሚባለው ትንሽና ርካሽ ሌንስ ግን እስከ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚከፈት፣ ሴንሰሩ ላይ የሚያደርሰው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል።

ወጣቱ፦ አሥር እጥፍ በሥራ ላይ ምን ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ በአንድ አምፖል ብርሃን ቡና የምታፈላ ሴት ትነሳ እንበል። በመጀመሪያው ሌንስ ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ለቅጽበት አሳልፎ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ለ1/15 ሰከንድ ተከፍቶ መቆየት ካለበት፣ ጀበናዋን ስታዘነብል እጇ ደብዝዞ ጭስ ይመስላል፤ በሁለተኛው ሌንስ ግን 1/125 ሰከንድ ስለሚበቃ እጇም፣ የረከቦቱ ሲኒዎችም ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ከኋላዋ ያለው ቁም ሳጥን ደግሞ ለስልሶ ይደበዝዛል። ጉድለት የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ በ600ዲ ሴንሰር ላይ 50 ሚሊ ሜትር እንደ 80 ስለሚያጠብ፣ በጠባብ ክፍል ቤተሰብ ሁሉ ተሰልፎ የሚነሳ ከሆነ አንሺው ጀርባው ግድግዳ ነክቶም ግማሹ ሰው ከፎቶው ውጭ ይቀራል፤ ስለዚህ 18-55ቱ አይሸጥም።

ወጣቱ፦ ማንኛውም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በማንኛውም ካሜራ ላይ ይሠራል ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ አይሠራም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። የካነን ኢኤፍ ሌንሶች እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመሩ ትኩረቱን የሚያስተካክለው ሞተር በሌንሱ ውስጥ እንዲሆን ስለተደረገ በዚያ በኩል ስጋት የለም። በኒኮን ግን ዲ3200ን ጨምሮ የዲ3000 እና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ሞተር የላቸውም፤ ሞተር የሌለው የቀድሞው 50 ሚሊ ሜትር 1.8ዲ በእነርሱ ላይ ሲገጠም ትኩረቱ በእጅ ካልተስተካከለ አይሠራም፤ የኒኮን ገዢ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሌንስ ይፈልግ።

ወጣቱ፦ የፊልም ካሜራ ከሁሉም ይረክሳል የሚሉ አሉ።

አዛውንቱ፦ ካሜራው ይረክስ ይሆናል እንጂ ፊልሙና እጥበቱ አይረክስም፤ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ይይዛል፣ ጀማሪ ደግሞ 36ቱን በአንድ ከሰዓት ያበላሻል።

ወጣቱ፦ ያገለገለው ካሜራ ጤነኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

አዛውንቱ፦ ሌንሱ ተነቅሎ ከኋላው በስልክ መብራት ይታይ፤ እርጥበት ቦታ የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል፤ እንዲህ ያለው ሌንስ በነጻም አይወሰድ። ቀጥሎ አፐርቸሩ 22 ላይ ተደርጎ ነጭ ግድግዳ ይነሳ፤ በፎቶው ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ናቸው፤ በጽዳት ስለሚለቁ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማሉ። የካርዱ መግቢያ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች እንዳልታጠፉ፣ ባትሪውም እንዳላበጠ ይረጋገጥ። ከዚህ ሌላ ካሜራው ስንት ጊዜ እንዳነሳ መታወቅ አለበት፤ በኒኮን ቁጥሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ጋር ስለሚመዘገብ በኮምፒዩተር ይነበባል፤ በብዙ የካነን ሞዴሎች ግን በፋይሉ ውስጥ ስለማይገኝ ካሜራው ራሱ በኬብል ከኮምፒዩተር ጋር መገናኘት አለበት። የኒኮን ሻጭ ፎቶውን በቴሌግራም ልላክ ቢል እሺ አይባልም፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ተጨምቆ መረጃው ስለሚጠፋ፣ ገዢው የራሱን ካርድ ይዞ ሄዶ፣ ካሜራው ውስጥ ከትቶ፣ አንስቶ፣ ገንዘቡን ሳይከፍል ፋይሉን ይመርምር። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሻጭ ይፈለጋል።