ለቤታችን የሚስማማውን የአምፑል ብርሃን ስለ መምረጥ

ብርሃን እንደ ንጹሕ ውሃና እንደ ንጹሕ አየር ሁሉ ለጤና አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ማናቸውም ብርሃን ለማናቸውም ሰዓትና ለማናቸውም ሥራ ይስማማል ማለት አይደለም። አምፑል የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ዋጋውንና ድምቀቱን ይጠይቃል እንጂ ቀለሙን አይመረምርም። በመተማ ዮሐንስና በአካባቢው ቈላ ለሚኖር ሰው ግን ይህ ምርጫ ከጤናው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ በሚከተለው ትምህርት እንገልጠዋለን።

፩. የቀለሙ ቍጥር

በአምፑሉ ካርቶን ላይ 2700፣ 4000 ወይም 6500 የሚል ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። መለኪያው ኬልቪን ይባላል። ትርጕሙን ለመረዳት የቀጥቃጭን ምድጃ መመልከት ይበቃል፤ ብረት በእሳት ሲግል በመጀመሪያ ይቀላል፤ ግለቱ ሲጨምር ወደ ብጫነት፣ በመጨረሻም ወደ ነጭነት ይለወጣል። እንደዚሁም ቍጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ እንደ ሻማ ብጫ ይሆናል፤ ሲበዛ ወደ ነጭነትና ወደ ሰማያዊነት ያደላል።

ቍጥሩ የቀለም ምልክት እንጂ የአምፑሉ ሙቀት ልክ አይደለም። ስለዚህ «አገሩ ሞቃት ነውና ነጩ ብርሃን ቤቱን ያቀዘቅዛል» ማለት ስሕተት ነው። ቤት የሚያሞቀው አሮጌው ባለ ክር አምፑል ነው፤ ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 90 የሚያህለው በብርሃን ፈንታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የኤል ኢ ዲ አምፑል ግን ቀለሙ ማናቸውም ቢሆን በጥቂት ዋት ብዙ ብርሃን ይሰጣል።

፪. ብርሃንና እንቅልፍ

በዓይናችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን ለይተው ለአንጐል የሚያስታውቁ ሕዋሳት አሉ። እነዚህም በይበልጥ የሚነቁት በሰማያዊ ብርሃን ነው። በምሽት ደማቅ ነጭ ብርሃን ሲያገኙ፣ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ቅመም መመንጨቱን ይቀንሳል፤ እንቅልፍም ይዘገያል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ተማሪ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ማታ በምን ብርሃን እንደሚያመሽ ጠይቁ።

፫. ብርሃንና ነፍሳት

ብዙ የሌሊት ነፍሳት ከብጫ ብርሃን ይልቅ ወደ ነጭና ወደ ሰማያዊ ብርሃን ይሳባሉ። በመተማና በሑመራ ቈላ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አጠገብ ትገኛለች። ከትንኝ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። ተመራማሪዎች እርሷን ከሚይዙባቸው መንገዶች አንዱ በአምፑል የሚሠራ ወጥመድ ነው። እንግዲህ በሙቀት ወራት በግቢ አልጋ ዘርግቶ በራስጌው አምፑል የሚያበራ ሰው ምን እንደሚጠራ ያስተውል።

የወባ ትንኝ ግን ሰውን የምታገኘው በይበልጥ በትንፋሹና በገላው ሽታ ነው። ስለዚህ የትኛውም አምፑል በመድኃኒት የተነከረ አጎበርን አይተካም።

፬. ምርጫው

ሀ) ለመኝታ ቤት 2700 የሆነ ደብዘዝ ያለ አምፑል ይበቃል፤ ሲተኙም ማጥፋት ይገባል።

ለ) ለማጥኛና ለማድ ቤት 4000 ይስማማል። ጽሑፍን ለማንበብና ከእህል ውስጥ ጠጠርና ነቀዝ ለመልቀም ግን ከቀለሙ ይልቅ የብርሃኑ ብዛት ይጠቅማል፤ እርሱም በካርቶኑ ላይ በሉመን ይጻፋል።

ሐ) ለግቢ ከ2700 የማይበልጥ ይሁን፤ ከመኝታና ከበር ራቅ ተደርጎ ይሰቀል።

መ) አዲስ የተወለደ ሕፃን ገላው ብጫ መሆኑን ለመመርመር በቀን ብርሃን ማየት ይገባል፤ ብጫ አምፑል ምልክቱን ይሸፍናልና።

፭. ለትምህርት ቤት የሚሆን ሙከራ

ሉመናቸው እኩል የሆነ አንድ የ2700ና አንድ የ6500 አምፑል በሁለት ነጭ አንሶላዎች ፊት አራርቃችሁ ስቀሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በየአንሶላው ላይ ያረፉትን ነፍሳት ተማሪዎች ቈጥረው ይጻፉ፤ በማግሥቱ አምፑሎቹን አቀያይረው ይድገሙት። ተማሪዎቹ እጅና እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

በመጨረሻም፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኵሳት የቈየበት፣ የከሳና ጣፊያው ያበጠ ሰው ቢኖር ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ካላ አዛር በጊዜ ሲታከም ይድናል፤ ችላ ሲሉት ግን ይገድላል።