የውኃው መንገድ ጠባቂ ይሻል፦ ሰበካ ጉባኤያት ለጣና ሐይቅ የመንግሥት በጀት እንዴት ይጠይቁ?

የጣና ደሴቶች ገዳማት ከምእመናን ጋር የሚገናኙት በውኃ ነው። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ወደ ናርጋ ሥላሴና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚወስድ የየብስ መንገድ የለም። ዕጣኑና ጧፉ፣ እህሉ፣ ለንግሥ የሚሄደው ምእመን፣ የታመመው መነኮስ ሁሉ በታንኳና በጀልባ ይመላለሳል። የደቅ ደሴት ገበሬም ምርቱን ለገበያ የሚያደርሰው፣ ምጥ የጸናባት እናትም ወደ ሆስፒታል የምትሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ደኅንነት ለእኛ የመንገድና የአገልግሎት ጉዳይ ነው።

በዚህ ትምህርት ለካህናት አባቶችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ልናስገነዝብ የምንወደው አንድ ነገር አለ። የውኃ መንገድ እንደ የብስ መንገድ ሁሉ በየዓመቱ ጥገና ይሻል፤ ጥገናውም በዘመቻና በልግስና ብቻ አይዘልቅም። በመንግሥት በጀት ውስጥ ቋሚ ስፍራ ሊኖረው ይገባል፤ ይህንንም በሥርዓት መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

መንገዱ ምን ገጠመው?

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ውኃው በጥቂቱ ሲጎድል ዳርቻው ይሸሻል፤ መርከብም ወደብ መጠጋት ይሳነዋል። ይህ በ1995 ዓ.ም. በተግባር ታይቷል። ዝናቡ በማነሱና ለኤሌክትሪክ ኃይል የሚለቀቀው ውኃ በመብዛቱ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ፤ የመርከብ ጉዞም ለአራት ወራት ያህል ተቋረጠ። የሐይቁን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተሠርቷል፤ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያም በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። እንግዲህ የውኃው ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም ነው ማለት ነው። ውሳኔ በሚሰጥበት ስፍራ ደግሞ በጀልባ የሚኖረው ሕዝብ ድምፅ ሊሰማ ይገባል።

ሁለተኛው ደለል ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከተራቆቱ ተዳፋቶች የተጠረገውን አፈር ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በየወንዙ አፍ ውኃው ይሳሳል፤ ታንኳ የሚሠራበትና ደለል የሚያስቀረው ደንገልም እየተመነጠረ ስፍራውን ለእርሻ ለቋል።

ሦስተኛው እምቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በሐይቁ ላይ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ተንሰራፍቷል። ታንኳ አያሳልፍም፤ የዓሣ አጥማጁን መረብ ያበላሻል፤ ከብት ውኃ እንዳይጠጣ ይከለክላል። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ሰፊ የማስወገድ ዘመቻ ተደርጎ ብዙ ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ አረሙን አውጥቷል። ጉልበቱም ፍቅሩም አልጎደለም። ነገር ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ የቀረ አረም በቀጣዩ ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም ጠባቂ ይፈልጋል። ዘመቻ አንድ ጊዜ ያጸዳል፤ ጸድቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን በየዓመቱ የሚመደብ በጀት ነው።

ከነህምያ የምንማረው

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን በሰማ ጊዜ አስቀድሞ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ንጉሡ ምን እንደሚፈልግ በጠየቀው ጊዜ የሚቆይበትን ዘመን ወሰነ፤ ለአገረ ገዢዎች የሚሰጥ ደብዳቤ ለመነ፤ ከንጉሡ ዱር የሚቆረጠው እንጨት ለምን እንደሚውል ለይቶ ተናገረ። ኢየሩሳሌም ደርሶም ምንም ከመናገሩ በፊት በሌሊት ዞሮ ቅጥሩን መረመረ። ሥራው ሲጀመር ካህናቱ ቀድመው ተነሡ፤ ብዙዎችም በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል ሠሩ።

በዚህ ታሪክ አራት ነገሮች እናገኛለን፤ እነርሱም ጸሎት፣ ምርመራ፣ የተለየ ጥያቄና የራስ ድርሻ ናቸው። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ይደክማሉ። ሳንመረምር ብንጠይቅ የሚሰማን አናገኝም፤ የራሳችንን ሳንሠራ ብንጠይቅም ቃላችን ክብደት ያጣል።

መጠየቅ ይገባናልን?

«ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጣልቃ መግባት አይሆንም ወይ?» የሚሉ አባቶች አሉ። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 አንዱ በሌላው ጉዳይ እንዳይገባ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣሉ። የምንጠይቀው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚሆን ገንዘብ አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ዓሣ አጥማጁም ነጋዴውም የሚጠቀምበት የጋራ መንገድ እንዲጠበቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከሌሎች የአካባቢው ነዋሪዎችና ማኅበራት ጋር በአንድነት ሲቀርብ ይበልጥ እውነተኛ፣ ይበልጥም ብርቱ ይሆናል።

ጥያቄው እንዴት ይቅረብ?

በመጀመሪያ መረጃ ይያዝ። ጀልባ ያልሄደባቸው ቀናት፣ አረም የዘጋው የጀልባ ማረፊያ፣ በክረምትና በበጋ የሚታየው የውኃ ልክ በቀንና በስፍራ ይመዝገብ። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በማረፊያው ላይ ምልክት የተደረገበት እንጨትና አንድ ደብተር ይበቃል። የ1 ዓመት መዝገብ ከብዙ ምሬት ይልቅ ያስረዳል።

ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው ተለይቶ ይጻፍ። «ለጣና ይታሰብለት» የሚል ደብዳቤ መልስ የሚሰጥበት ነገር የለውም። የትኛው ማረፊያ እንደሚጠገን፣ የትኛው ዳርቻ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚጸዳ፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚታከም ይገለጽ። አዲስ ግንባታ የሚጠየቀው ከካፒታል በጀት ነው፤ የየዓመቱ ጥበቃ ደግሞ በመደበኛ በጀት ውስጥ መያዝ አለበት። ማሽን ተገዝቶ ነዳጅ፣ መለዋወጫና የኦፕሬተር ደመወዝ ካልተመደበለት ቆሞ ይቀራልና፣ ሁለቱም አብረው ይጠየቁ።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ይጠበቅ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ግን ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት ስለሆነ፣ በሰኔ መጨረሻ የደረሰ ደብዳቤ ዘግይቷል። ጥያቄው በበጋው ወራት ይቅረብ።

አራተኛ፣ ወደሚመለከተው ይላክ። የማረፊያና የተፋሰስ ሥራ ከወረዳው፣ የሐይቁ ጥበቃ ከክልሉ፣ የጀልባ ደኅንነት ጉዳይ ከኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይጠየቃል። ደብዳቤው በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ተደግፎ፣ በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥርና ቀን ይያዝ፤ ግልባጩም ለሀገረ ስብከቱና ለምክር ቤት ተወካዮች ይድረስ።

ጽናት ስለሚያስፈልገው

እንዲህ ያለ ጥያቄ በ1 ዓመት ፍሬ ላይሰጥ እንደሚችል የሌሎች ሀገሮች ልምድ ያሳየናል። በብሪታንያ ለጭነት ጀልባ የተቆፈሩት ቦዮች የባቡር ሐዲድና የመኪና መንገድ ከመጡ በኋላ ብዙዎቹ ተትተው በደለልና በአረም ተሞልተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ጥቂት ሰዎች ማኅበር መሥርተው መከራከር ጀመሩ፤ መንግሥት ለጀልባ ጉዞ የሚውሉትን ቦዮች በሕግ ለይቶ እንዲጠበቁ የደነገገው ግን በ1968 ነው። ከዚያም በኋላ ሥራው አላለቀም። መንግሥት ከ2027 በኋላ የሚሰጠው ድጎማ እየቀነሰ እንደሚሄድ በ2023 ባስታወቀ ጊዜ ብዙ ማኅበራት ተባብረው እንደገና ድምፃቸውን ማሰማት ጀምረዋል። የተገኘ በጀት ካልተጠበቀ ተመልሶ ይጠፋል። ጌታችንም በወንጌል ዳኛውን ደጋግማ የለመነችውን መበለት ለጸሎት ጽናት ምሳሌ አድርጎልናል።

የራሳችን ድርሻ

በእያንዳንዱ ቅዳሴ ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች እንጸልያለን። የምንጸልይለትን ውኃ በእጃችንም እንጠብቀው። የደጋው ሰበካ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ቢያሰፋና እርከን ቢሠራ፣ ከተዳፋቱ የሚጠረገው አፈር የደሴቱን ማረፊያ አይደፍንም። የዳርቻው ሰበካ የቀረውን ደንገል ቢያስጠብቅ ውኃው እያጠራ ይገባል። ነህምያ እንዳሠራው፣ እያንዳንዱ ሰበካ በቤቱ አንጻር ካለው ይጀምር።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

1. በአጥቢያችን የሚያልፈው ውኃ ወዴት ይሄዳል? ከእኛ የሚወጣው አፈርስ ማንን ይጎዳል?
2. የውኃውን ልክና የጀልባውን ጉዞ በየቀኑ የሚመዘግብ ማንን እንመድብ?
3. ለሚመጣው በጀት ዓመት የምንጠይቀው አንድ የተለየ ነገር ምንድን ነው? ከማንስ ጋር ሆነን እንጠይቅ?
4. መልስ ባይመጣ በስንት ጊዜ፣ በማን በኩል ደግመን እንጠይቃለን?