ዘሩን አይውቀሱ፣ አፈሩን ይወቁ

ጥሩ ዘር ዘርተዋል። ውሃ አላጓደሉም፣ ፍግም አልሰሰቱም። የዱባው ሐረግ ግን ገና መዘርጋት ሲጀምር ጫፉ ላይ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ገረጡ። ጠጋ ብለው ይመልከቷቸው፦ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው፤ ቢጫ የሆነው በመካከላቸው ያለው ክፍል ነው። ከታች ያሉት የቆዩት ቅጠሎች ደግሞ ደህና ናቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «እጄ ለተክል አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። እባክዎ አይተዉት! ይህ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ለተክሉ እንዳልደረሰ የሚያሳይ ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ብረቱ ከአፈሩ ጠፍቶ አይደለም። አፈሩ ከልክ በላይ አልካላይን ሲሆን ብረቱ እዚያው እያለ ይታሰራል፤ ሥሩም ሊመጠው አይችልም።

ለዛሬ ልነግርዎ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ያልተሳካልዎት ነገር ሁሉ ችሎታ ስለጎደለዎት አይደለም። አንዳንዴ ያለዎትን አቅም ያሰረው ያረፈበት ሁኔታ ነው። ሁኔታ ደግሞ ይለወጣል፤ ሲለካ፣ ሲታወቅና ሲታገሡለት።

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው በፒኤች ነው። መለኪያውን በ1909 ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረን ሶረንሰን ነው። 7 መሃሉ ነው፤ ከዚያ በታች አሲዳማ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል። ዱባ የሚመቸው ከ6.0 እስከ 6.8 ባለው አፈር ነው። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ነው። ከ8 ወደ 7 ያወረደ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ የቀነሰ ቢመስልም አሲዳማነቱን በአሥር እጥፍ ለውጦታል። ስለዚህ ትንሽ የምትመስልን ለውጥ አይናቋት!

ከሁሉ በፊት ግን ይለኩ። አበው «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላሉ። በጎጃምና በወለጋ ብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ገበሬው ኖራ እየበተነ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል። ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ወደ ዝዋይና መቂ ሲወርዱ ደግሞ አልካላይን አፈር ያጋጥማል፤ እዚያው አካባቢ ያለው የአብያታ ሐይቅ አልካላይን የሆነው ሶዳ አሽ ሲመረትበት የቆየ ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው። የጎረቤትን መፍትሔ ሳይለኩ መቅዳት ልፋትን ያባክናል።

ሲለኩ ከመደቡ አራት አምስት ቦታ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥተው ይቀላቅሉ። አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ ዲስቲልድ ውሃ በጥብጠው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆይተው በፒኤች ወረቀት ይመልከቱ። የአፈር ምርመራ ቤተ ሙከራ በአቅራቢያዎ ካለ ከዚህም የተሻለ ነው።

ቁጥሩ ከ7 በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚያባብሰውን ያቁሙ። የምድጃ አመድ ፒኤችን ከፍ ስለሚያደርግ ከዱባው መደብ ይራቅ። የቡና አተላ ለኮምፖስት ጥሩ ነው፤ ፒኤች ያወርዳል ብለው ግን አይጠብቁት።

ቀጥሎ የደቀቀ ድኝ ያዘጋጁ። አንድ ደረጃ ለማውረድ በአንድ ካሬ ሜትር ከ50 እስከ 100 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለአሸዋማ አፈር አነስ፣ ለሸክላማ ከፍ ይላል። አፍንጫና ዓይንዎን ሸፍነው በእኩል ይበትኑት፣ ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት፣ እርጥበቱን ይጠብቁ። ድኙን ቀስ በቀስ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሙቀትና እርጥበት ካገኙ በወራት ውስጥ ይሠራሉ፤ በቅዝቃዜና በድርቅ ይዘገያሉ። ስለዚህ ከመዝራትዎ ሁለት ሦስት ወር አስቀድመው ይጀምሩ። «አልሠራም» ብለው በላዩ ላይ አይጨምሩ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። ጊዜው ሲደርስ እንደገና ይለኩና ያን ጊዜ ይወስኑ።

አፈሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉ አረፋ ከደፈቀ በውስጡ ኖራ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚጨምሩትን ድኝ ኖራው ይበላዋል። ይህም ሽንፈት አይደለም! ከፍ ያለ መደብ ሠርተው፣ ከሌላ ቦታ ባመጡት ተስማሚ አፈርና በበሰለ ኮምፖስት ሞልተው እዚያ ላይ ይዝሩ። የማይገፋን ነገር ለይቶ ማወቅና ሌላ መንገድ መክፈት ራሱ ብልህነት ነው።

ወዳጄ፣ በትዳርዎ፣ በሥራዎ፣ በትምህርትዎም እንዲሁ ያድርጉ። ሳይለኩ በራስዎ አይፍረዱ፤ የሚያባብሰውን ሳያቆሙ አዲስ ነገር አይጨምሩ፤ የጀመሩት ሥራ ሳይታይ እየሠራ ባለበት ወቅት ተስፋ አይቁረጡ። ጓሮ ካለዎት ደግሞ ዛሬውኑ አንድ እፍኝ አፈር ያንሱና ይለኩ። የሚያገኙት ቁጥር ምንም ይሁን ምን ሥራዎን ከየት እንደሚጀምሩ ያሳይዎታል።