ስለ ሞተር ብስክሌት ቫልቭ ክፍተት፤ በባሌ ደጋ ለሚዘዋወሩ የግብርና ሹማምንት የተሰናዳ ትምህርት

በሮቤ፥ በጎባና በሲናና ዙሪያ ያለው የስንዴ አገር ሰፊ ነው፤ ሹሙም ከገበሬው ማሳ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሕዝቡ ዶቅዶቄ በሚለው በሞተር ብስክሌት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር 2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በደቡብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ በመታ ጊዜ፥ ምርቱ ፈጽሞ ሊጠፋ የተቃረበበት ማሳ ነበረ። የዋግ ዘር በነፋስ የሚጓዝ ስለ ሆነ፥ በሽታውን አስቀድሞ ያየው ሰው ወሬውን ፈጥኖ ካላደረሰ መድኃኒቱ ከጉዳቱ በኋላ ይደርሳል። እንግዲህ በብርድ ጧት አልነሣ ያለ ሞተር፥ ጉዳቱ ከባለቤቱ አልፎ ለማሳው ይተርፋል። ሞተርን ከሚያደክሙት ምክንያቶች አንዱ የቫልቭ ክፍተት መዛባት ሲሆን፥ ይህ ያለ ብዙ ወጪ በቤት ሊታረም የሚቻል ነውና አሠራሩን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1ኛ፤ ክፍተቱ ስለ ምን እንደ ተደረገ

ባለ አራት ምት ሞተር ቢያንስ ሁለት ቫልቮች አሉት። አንደኛው ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለውን አየር ያስገባል፤ ሁለተኛው የተቃጠለውን ጢስ ያስወጣል። እያንዳንዱን ቫልቭ የሚጫነው አንድ ክንድ አለ፤ በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከልም እጅግ ጠባብ ክፍተት ይተዋል። ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም፥ ይህ ክፍተት ባይኖር ቫልቩ በሞቀ ጊዜ ከመቀመጫው ላይ ገጥሞ ሊዘጋ አይችልም ነበር። እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያለው፥ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር የሚያቃጥል ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን እንዲህ ያለ ቫልቭ ስለሌለው ይህ ትምህርት አይመለከተውም።

2ኛ፤ ከሚጮኸው ይልቅ ዝም ያለው እንደሚያሰጋ

ብዙ ሰው የቫልቩ ቀጭ ቀጭ ማለት ያስፈራውና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያጠብቀዋል። ይህ ሥራ ሞተሩን የሚያጠፋ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ይጮኻል፥ ጕልበቱም ጥቂት ይቀንሳል፥ ጊዜ ሲረዝም ብረቱ ይበላል፤ ነገር ግን ጩኸቱ ራሱ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ክፍተቱ ሲጠብ ግን ድምፅ የለም። የማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያበርደው መቀመጫውን በነካ ጊዜ ነው፤ በደንብ ካልተዘጋ እሳቱ በዳሩ በኩል እየሾለከ ቫልቩንም መቀመጫውንም ያቃጥላቸዋል። ምልክቱም በብርድ ጧት ለመነሣት ማስቸገር፥ ቤንዚን ሳይሰጡት ሲቆም መጥፋት፥ በእግር ሲመቱት እንደ ቀድሞው አለመክበድ ነው። እዚህ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ቴስታታው ወርዶ በባለሙያ ካልታደሰ በቀር ክፍተቱን ማስተካከል ብቻ አይበቃም።

3ኛ፤ የከፍታውን ድካም ከቫልቭ ድካም ስለ መለየት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ በሰነቴ ሜዳ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህል ስለ ሆነ፥ ደህናው ሞተር እንኳ በዚያ ይደክማል። ስለዚህ በሰነቴ ላይ ብቻ ደክሞ ወደ ሮቤ ሜዳ ሲመለስ የሚበረታ ሞተር፥ ቫልቩ ተበላሽቷል ተብሎ መፈታት የለበትም። በሮቤና በጎባ መካከል ባለው በለመደው መንገድም ከደከመ፥ ጧትም ለመነሣት ካስቸገረ፥ ያን ጊዜ መለካት ይገባል።

4ኛ፤ የሥራው ተራ

የሚያስፈልገው መሣሪያ የካንዴላ መፍቻ፥ ለዳዶዎቹ የሚስማሙ መፍቻዎች፥ ካቻቢቴ፥ ንጹሕ ጨርቅና የክፍተት መለኪያ ነው። መለኪያው ውፍረታቸው በላያቸው የተቀረጸ፥ እንደ ሰንጢ የሚታጠፉ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉት።

ሀ) ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ይደር። የሆንዳ መመሪያ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሲሆን እንዲለካ ያዝዛል፤ የጎባ ጧትም ለዚህ የተመቸ ነው።

ለ) የቤንዚኑ መስመር ይዘጋ፤ ሥራውም ከምድጃ እሳት ርቆ ይሁን። ማርሹ ነጻ ከተደረገ በኋላ በክዳኖቹና በካንዴላው ዙሪያ ያለው ጭቃ ይጠረግ። ከዚያ ሞተሩ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላው ይውጣ፥ ቀዳዳውም በጨርቅ ይከደን።

ሐ) የቫልቮቹ ክዳኖችና በግራ ጎን ሽፋን ላይ ያሉት ሁለት ክዳኖች ይፈቱ። በአንደኛው ቀዳዳ መዘውሩ በመፍቻ ይዞራል፥ በሌላው ምልክቱ ይታያል። ክዳን በሌለው ሞተር ሽፋኑ ራሱ ይወልቃል።

መ) መዘውሩ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይዙር። በሆንዳ ሞተር የማስገቢያው ቫልቭ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ፥ በመዘውሩ ላይ ያለው «ቲ» የሚባል የላቲን ፊደል ከቋሚው ምልክት ጋር ሲገጥም ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል። በአጠገቡ ያለው «ኤፍ» ግን ካንዴላው የሚተኩስበት ምልክት ስለ ሆነ እንዳያሳስት።

ሠ) በዚህ ጊዜ ሁለቱም ክንዶች በጣት ሲነኩ ጥቂት መነቃነቅ አለባቸው። ካልተነቃነቁ መዘውሩ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ ምልክቱ እንደ ገና ይግጠም። ያን ጊዜም ያልተነቃነቀ ቫልቭ ክፍተቱን ጨርሷል ማለት ነው።

ረ) በሆንዳ ሲ.ጂ. 125 የታዘዘው ልክ ለሁለቱም ቫልቮች 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም ከተራ የጽሕፈት ወረቀት ጥቂት ይሳሳል። ሌላው ሞተር ሌላ ልክ ሊኖረው ስለሚችል፥ የራሱን መመሪያ መጽሐፍ ሳያዩ መንካት አይገባም። የታዘዘው ቅጠል በመጠኑ እየተያዘ ካለፈ ልኩ ደህና ነው፤ ምንም ሳይነካ ካለፈ ላልቷል፤ አልገባ ካለ ጠብቋል።

ሰ) ልኩ ከተዛባ ዳዶው ላላ ይበል፥ የማስተካከያው ብሎንም ቅጠሉ በመጠኑ እስኪያዝ ድረስ ይዙር። ከዚያ ብሎኑ እንዳይዞር ተይዞ ዳዶው ይጥበቅ። ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱን ብዙ ጊዜ ያዛባዋልና እንደ ገና ይለካ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፥ ይህን ሁለተኛ ልክ በችኰላ የተወ ሰው ሥራውን በማግስቱ ይደግመዋል።

ሸ) መዘውሩ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ፥ ምልክቱ ገጥሞ፥ ሁለቱም ቫልቮች ለመጨረሻ ጊዜ ይለኩ። የክዳኖቹ ጎማ ወይም ጓርኒሲዮን የተቀደደ ከሆነ ይለወጥ፤ ካልተለወጠ ዘይት ያፈሳል፥ ጭቃም ያስገባል።

5ኛ፤ ስለ መዝገብ

መመሪያው በየስንት ኪሎ ሜትር እንዲለካ ያዘዘውን መጠበቅ ይገባል። ከዚህም ጋር በባሌ ደጋ ሁለት የዘር ወራት፥ ጋናና ቦና፥ ስላሉ፥ መንገዱ ሳይበዛ በየካቲትና በሐምሌ መለካት ይጠቅማል። በየጊዜው ቀኑ፥ የተኬደው ኪሎ ሜትርና ከመስተካከሉ በፊት የተገኘው ልክ በመዝገብ ይጻፍ። የአንድ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከተገኘ፥ ቫልቩ በመቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ መሆኑ ይጠረጠራል፤ መዝገቡም ለመካኒኩ ይታይ። ጽሕፈት ቤቱ አንድ የክፍተት መለኪያ በንብረትነት ቢያስቀምጥ፥ ሹማምንቱ በየተራ ሊገለገሉበት ይችላሉ።